ኦዲዮ ኢንተርፌሴን ስልኩ መመገብ አቃተው፤ በቡስት ኮንቨርተር ለብቻው ኃይል ልስጠው?

መምህርት ዘደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ። መበየድ እችላለሁ፣ መልቲሜትርም አለኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ ግን በትምህርት ቤት ደረጃ የተማርኩት ብቻ ነው። ስለዚህ ስትመልሱልኝ ዘርዘር አድርጉልኝ።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወርዶ በእግር የሚኬድበት ቀበሌ፣ የእናቴ አጎት አሉ። በገና ደርዳሪ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፣ ጣታቸው ግን አሁንም አልከዳቸውም። የሚደረድሩትን ሁሉ እሳቸው ሳሉ በወጉ መቅዳት እፈልጋለሁ። ልጆቻቸው አልተማሩትም፣ እኔም አልተማርኩትም፤ ከእሳቸው በኋላ እንዲህ አድርጎ የሚደረድር በቤተሰባችን የለም።

በስልኩ በራሱ ማይክ ስቀዳ የወፍራሞቹ ጅማቶች ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው እንዝራው (ጅማቱ ሥር ያለችው ቆዳ የምታመጣው ንዝረት) ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት መስመር ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይክን ድምፅ ወደ ስልኩ የሚያስገባ ዕቃ) እና ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ። ማይኩ የሚሠራው 48 ቮልት ሲሰጠው ነው። ስልኬ አንድሮይድ፣ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ነው። በኦቲጂ (ስልኩ ሌላ የዩኤስቢ ዕቃ እንዲያገናኝ በሚያደርገው አስማሚ) ሳገናኘው ኢንተርፌሱን ያውቀዋል፤ 48 ቮልቱን ስጫን ግን ብዙ ጊዜ ያቋርጠዋል። ሳያቋርጥ የቀረ ቀን ደግሞ የስልኩ ባትሪ ሳላስበው ያልቃል። በዩኤስቢ መለኪያ ሳየው 48 ቮልት በርቶ 380 ሚሊ አምፔር ይስባል።

ቤታቸው መብራት አልገባም። አንድ አነስተኛ የሶላር ፓነልና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ ለአምፖልና ለሬዲዮ ነው።

በእጄ ያሉት፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት 18650 የሚባሉ ክብ የሊቲየም ባትሪዎች፣ የቲፒ 4056 ቻርጅ ማድረጊያ ቦርድ (መከላከያ ያለው)፣ እና መርካቶ የገዛሁት ኤምቲ 3608 የሚባል ትንሽ የቡስት ኮንቨርተር (ቮልት የሚያሳድግ) ቦርድ። ሻጩ «2 አምፔር ይሰጣል» ብሎኛል። ከባትሪው 3.7 ቮልት ተነስቼ 5 ቮልት ሠርቼ ኢንተርፌሱን ልመግብ? ስልኩ አይጎዳም? የት ላይ ነው የማገናኘው?

ገመድ አልባ፦

እህቴ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው እኮ ይኸው ነው፦ ባትሪ፣ ቻርጅ ማድረጊያና ቡስት ኮንቨርተር። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ የተቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከብክነቱ ጋር 6,500 አካባቢ ይቀርሻል። እሱም ለሌሊት ሙሉ ቅጂ ይበቃል።

መምህርት ዘደብረ ብርሃን፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሞክሬው ነበር። ሁለት ራስ ባለው ገመድ ሳገናኘው ስልኩ ቻርጅ የሚደረግ መስሎት ኢንተርፌሱን ማየት ይተዋል። ኢንተርፌሱን ብቻ ከፓወር ባንኩ ስመግበው ደግሞ ቅጂው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይገባል። ፓወር ባንኩ የተጣበቀ ስለሆነ ከፍቼ ላስተካክለው አልችልም። ራሴ ብሠራው ቢያንስ የፉጨቱን ምንጭ አገኘዋለሁ ብዬ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ደሴ)፦

ልጄ፣ ሐሳብሽ ትክክል ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ደግሞ ጊዜዬን ብሰጥ ደስ ይለኛል። የእኔም አባት ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር፤ አንድም የተቀዳ ነገር የለንም።

መጀመሪያ ይህን ያዢ፦ ዳታው ከስልኩ ይምጣ፣ ኃይሉ ከሌላ ይምጣ። ስልክ የተሠራው ፍላሽና ማውስ እንዲመግብ ነው። ውስጡ ያለችው የኦቲጂ 5 ቮልት ራሷ ትንሽ ቡስት ኮንቨርተር ናት፤ ያንቺ ኢንተርፌስ ደግሞ 5 ቮልቱን ተቀብሎ 48 ለማድረግ ሌላ ቡስት ኮንቨርተር በውስጡ አለው። 48ቱን ስትጫኚ ያ ኮንቨርተር ካፓሲተሮቹን ለመሙላት ለአፍታ ብዙ ይስባል፤ ስልኩ የሚያቋርጠው ያኔ ነው። 380 ያነበብሽው ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ነው፤ የመነሻው ከዚያ በላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ገመዱ። የኦቲጂ አስማሚሽን አትንኪው፤ ስልኩን «አንተ አስተናጋጅ ነህ» የሚለው ተቃዋሚ ያለው እሱ ውስጥ ነው። የምትነኪው ከአስማሚው ወደ ኢንተርፌሱ የሚሄደውን ተራ የዩኤስቢ ገመድ ነው። መሐሉ ላይ የውጭ ልባሱን በጥንቃቄ ቅደጂ። አራት ሽቦ ታገኛለሽ፦ ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ነጭና አረንጓዴ ዳታ። በርካሽ ገመድ ላይ ቀለሙ ሊለያይ ስለሚችል በመልቲሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታረጋግጪ እንዳትቆርጪ። የሚቆረጠው ቀዩ ብቻ ነው። በስልኩ በኩል ያለውን የቀዩን ጫፍ ለብቻው በደንብ ሸፍኚው፤ ምንም እንዳይነካ። በኢንተርፌሱ በኩል ያለውን ጫፍ ከኮንቨርተሩ ፕላስ ውጪ ጋር በይጂው። ጥቁሩን ሳትቆርጪ ልባሱን ብቻ ገፈሽ ከኮንቨርተሩ ማይነስ ውጪ ጋር አገናኚ። ግራውንዱ የጋራ ካልሆነ ዳታው አይሠራም። ነጩንና አረንጓዴውን ተያቸው፤ እንደተጠማዘዙ ይቆዩ። የብር ወረቀት የመሰለውን መሸፈኛም መልሰሽ ጠቅልይው።

እንዲህ ከሆነ የስልኩ 5 ቮልትና ያንቺ 5 ቮልት ፊት ለፊት አይገናኙም። ስልክ የሚጎዳው በዚያ ነው። ሁለት ምንጮች አንድ ሽቦ ላይ ሲገፋፉ የቻርጅ አይሲው የተቃጠለ ስልክ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ምንም አላደረግኩም» ይለኛል።

ሻጩ የነገረሽ 2 አምፔር በ5 ቮልት በኩል የምታገኚው አይደለም፤ ከባትሪው በኩል የሚገባውን ነው ማሰብ ያለብሽ። ኮንቨርተር ኃይል አይፈጥርም፤ ቮልቱን ሲያሳድግ አምፔሩን ከባትሪው ይወስዳል። ያንቺን እንቁጠረው፦ 5 ቮልት በ380 ሚሊ አምፔር 1.9 ዋት ነው። ባትሪው 3.3 ቮልት ሲደርስና 15 በመቶው በሙቀት ሲባክን ከባትሪው 0.68 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ ለቦርዱ ቀላል ነው፣ እንኳን ሊግል ለብም አይልም ማለት ይቻላል። ባትሪው እየደከመ በሄደ መጠን የሚሳበው አምፔር እየጨመረ እንደሚሄድ ግን አትርሺ፤ ደካማ ባትሪ መጨረሻው ላይ በድንገት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

አሁን አደራ የምልሽ፦ ኤምቲ 3608 ቦርዱን ከኢንተርፌሱ ጋር ከማገናኘትሽ በፊት ለብቻው አብሪና ለኪው። ከፋብሪካ ሲወጣ ማስተካከያው የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ ቦርዱ ደግሞ እስከ 28 ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ያን ያህል ወደ ኢንተርፌሱ ከገባ አበቃ። ማስተካከያዋ ብዙ ዙር የምትዞር ናት፤ ወደ ግራ ስታዞሪያት መጀመሪያ ምንም ለውጥ ላታዪ ትችያለሽ፣ ተስፋ ሳትቆርጪ ቀጥይ። 5.1 ላይ አቁሚያት፤ ገመዱ ላይ ትንሽ ስለሚጠፋ ኢንተርፌሱ ጋ ሲደርስ 5 አካባቢ ይሆናል። ጭነት ካለበት በኋላም በድጋሚ ለኪ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

እኔ ብሆን ግን ማስተካከያዋን ነቅዬ አወጣታለሁ። እሷ መገናኛዋ ከላላ ቮልቱ የሚወጣው ወደ ላይ ነው፤ በመንዝ መንገድ በሻንጣ ውስጥ ስትናጥ ደግሞ መላላቷ አይቀርም። በቦታዋ 15 ኪሎ ኦምና 1.2 ኪሎ ኦም በተከታታይ አድርጊ። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ያለው ሁለተኛው ተቃዋሚ 2.2 ኪሎ ኦም ነው፤ ያንቺም እንደዚያ መሆኑን ለክተሽ አረጋግጪ። የቺፑ መነሻ 0.6 ቮልት ስለሆነ 16.2 ለ2.2 አካፍለሽ አንድ ጨምረሽ በ0.6 ስታባዢው 5.02 ቮልት ይመጣል። ከ5.1ዱ ትንሽ ያንሳል፤ ከቦርዱ እስከ ኢንተርፌሱ ያለው ገመድ አጭርና ወፈር ያለ ከሆነ ግን በቂ ነው። እንዲህ የተሠራ አይነቃነቅም።

ይህ ዓይነት ቦርድ ሾርት ሲሆን የሚከላከልለት የለም። ስለዚህ ከባትሪው ፕላስ ላይ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ፣ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጊ። ማብሪያው ከባትሪው በኩል ይሁን እንጂ ከውጪው በኩል አይሁን፤ ኮንቨርተሩ ሥራ ባይኖረውም ቀስ እያለ ባትሪውን ይበላል።

የ18650 ወዳጅ፦

ጋሼ የጻፉት ላይ የምጨምረው የባትሪውን ነገር ነው።

ከላፕቶፕ የወጡ ሁለቱን ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ ከማገናኘትሽ በፊት ለየብቻ ሙሉ ቻርጅ አድርጊያቸው። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.4 ሆነው ብታያይዣቸው አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይፈስሳል። ቻርጅ ካደረግሽ በኋላ አንድ ሳምንት አስቀምጠሽ ለኪ፤ ቮልቱ በግልጽ የወረደውን ጣይው፣ አትራሪለት። ከ2.5 በታች ወርዶ ቆይቶ የተገኘ ባትሪም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የፕላስቲክ ልባሱ የተቀደደ ካለ ከማይነስ ጋር በቀላሉ ይገናኛል፤ ቀይሪው። በባትሪው ላይ በቀጥታ አትበይጂ፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል፤ ባትሪ ማስቀመጫ ግዢለት።

አዲስ ልግዛ ብትዪ ደግሞ «9,900» ተብሎ የተጻፈበትን 18650 አትመኚ። በዚህ መጠን እውነተኛው ጥሩ ባትሪ 3,500 አካባቢ ነው። ያገለገለው ያንቺ 2,000 ቢቀረው አንዱ 3 ሰዓት ያህል፣ ሁለቱ አብረው 6 ሰዓት ያህል ያሠሩሻል።

አንድ ነገር ላንሳ፤ የቲፒ 4056 ቦርድ መከላከያው ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው 2.4 ቮልት ላይ ነው። ለአሮጌ ባትሪ ይህ በጣም ዝቅ ያለ ነው። እሱን ሳትጠብቂ 3.2 ስታዪ አቁሚ።

መምህርት ዘደብረ ብርሃን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ቀዩ ሽቦ የነገሩኝን ማንም አልነገረኝም ነበር። ማስተካከያዋንም እንዳሉት በተቃዋሚ እተካታለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባትሪዎቹ ቢያልቁብኝ የሶላሩን 12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ቡስት ኮንቨርተሩ ላይ ባስገባው ይሠራል? ቦርዱ ላይ «እስከ 24 ቮልት ይቀበላል» ይላል።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ደሴ)፦

በፍጹም እንዳታደርጊው! ቦርዱ 24 ይቀበላል ማለት እሱ አይቃጠልም ማለት እንጂ 5 ያወጣል ማለት አይደለም። ቡስት ኮንቨርተር ማሳደግ እንጂ መቀነስ አይችልም። ከመግቢያው እስከ መውጫው ኮይልና ዳዮድ ብቻ ናቸው ያሉት፤ ቺፑ ቢቆምም 12 ቮልቱ በእነሱ አልፎ በቀጥታ ኢንተርፌሱ ውስጥ ይገባል። የተናገርሽው ነገር ብዙ ዕቃ አቃጥሏል።

ከ12 ወደ 5 የሚወርደው በሌላ ዓይነት፣ በስቴፕ ዳውን ነው። እሱን ደግሞ መሥራት አያስፈልግሽም፤ መኪና ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው የስልክ ቻርጀር ስቴፕ ዳውን ነው። ጥሩውን ግዢና ሽቦውን ከሶላር ባትሪው ጋር በፊውዝ አገናኚ። ቀን ቀን ፀሐይ ስትወጣ በእሱ ባትሪዎችሽን በቲፒ 4056 ሙዪ። 1 አምፔር ስለሚሰጥ ሁለቱን ለመሙላት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ ቦርዱ ይሞቃል፣ ጨርቅ ላይ አታስቀምጪው። እየቀዳሽ ግን አትሙዪ። ኢንተርፌሱ እየሳበ ከሆነ ቲፒው ባትሪው መሙላቱን አያውቅም፤ ከሶላር መቆጣጠሪያው የሚመጣ ድምፅም ወደ ቅጂሽ ይገባል።

አንድ የአይፎን ሰው፦

ይህን ለሚያነቡ የአይፎን ባለቤቶች፦ ቀዩን ሽቦ መቁረጥ ላይበቃችሁ ይችላል። አይፎን የሚያየው ዕቃው ስንት እንደሚስብ ሳይሆን ስንት እፈልጋለሁ ብሎ እንደሚያስታውቅ ነው፤ ብዙ ካለ ኃይል ከሌላ ቢያገኝም «ብዙ ኃይል ይፈልጋል» ብሎ ይከለክለዋል። መፍትሔው በመሐል ኃይል የሚሰጠው የዩኤስቢ ሃብ ማስገባት ነው። ያን ሃብ በዚሁ ቡስት ኮንቨርተር መመገብ ይቻላል።

ጆሮ ለድምፅ፦

ስቱዲዮ ውስጥ ስለምሠራ ስለ ፉጨቱ ልናገር፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

በገና በጣም ዝቅ ያለ መሣሪያ ነው፤ ማይኩን ትጠጊያለሽ፣ ጌይኑንም (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ታሳድጊያለሽ። ጌይን ሲያድግ የኃይሉ ቆሻሻም አብሮ ያድጋል። በዚያ ላይ እንዝራው። በጅማቱና ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት መካከል የምትገባው ቆዳ የምታመጣው ያ ንዝረት በቀጭን ድምፆች የተሞላ ነው፤ የኮንቨርተር ፉጨት በእሱ ሥር ስለሚደበቅ እዚያ ሆነሽ ስትቀጂ አትሰሚውም። የሚታወቅሽ ቤት ገብተሽ በሁለት ስንኝ መካከል ያለውን ዝምታ ስታዳምጪ ነው። ያኔ ደግሞ አባባ መንዝ ናቸው፣ አንቺ ደብረ ብርሃን ነሽ። እንዝራውን ሳይነኩ ፉጨቱን ማጥፋት አይቻልም፤ የበገናውን ጠባይ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አስቀድመሽ አጥፊው።

ኤምቲ 3608 የሚቀያየረው በሰከንድ 1.2 ሚሊዮን ጊዜ ነው፤ ያን ጆሮ አይሰማም። ጭነቱ ሲቀንስ ግን እየዘለለ መሥራት ይጀምራል፤ ያ ዝላይ ወደሚሰማ ድምፅ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ፓወር ባንኮችም የሚያፏጩት እንዲህ ነው። ያንቺ 380 ሚሊ አምፔር ቀላል ጭነት ስላልሆነ ዕድለኛ ነሽ። ቢሆንም በውጪው ላይ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሪ፤ ለቮልቱ ቢያንስ ባለ 10 ቮልት ይሁን፣ ከጎኑ ትንሽ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ሴራሚክ። ከኮንቨርተሩ ወደ ኢንተርፌሱ ያለውን ገመድ አሳጥሪው፣ ፕላስና ማይነሱን አጠማዝዣቸው። ቦርዱን ከማይኩና ከማይኩ ገመድ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቂው፤ በትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ብታስገቢውና ሣጥኑን ከግራውንድ ጋር ብታገናኚው የበለጠ ነው።

ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጊ። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልክ በኃይል ይጣራል፤ ያ ድርድር የሚል ድምፅ ማይክ ውስጥ ይገባል።

ደብረ ብርሃን ሳለሽ ፈትኚው፦ ሌሊት፣ ጎረቤት ሲተኛ፣ ጌይኑን ለበገና በምታደርጊው ልክ አድርገሽ ዝምታውን ለአንድ ደቂቃ ቅጂ። ከዚያ ድምፁን አሳድገሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። የማያቋርጥ ቀጭን ድምፅ ከሰማሽ ቦርዱን ወዲያና ወዲህ አዙሪው፤ ከቦታው ጋር ከተቀየረ ኮይሉ እየረጨ ነው፣ ካልተቀየረ በሽቦው እየገባ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ከካፓሲተሩ በፊት በፕላሱ መስመር 10 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል ጨምሪ፣ ከዚያም ቮልቱን በድጋሚ ለኪ።

በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ሁለት መስመር ስትቀጂ በሰዓት 1 ጊጋ ባይት አካባቢ ይይዛል፤ ቦታ አስለቅቂ። ደግሞ ሁልጊዜ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሽ ቅጂ። ኢንተርፌሱ በመሐል ኃይል ቢያጣ አንዳንድ መቅጃ አፕሊኬሽን ምንም ሳይናገር ወደ ስልኩ ማይክ ይዞራል፤ የሰዓቱ ቆጣሪ መሄዱን ስለማያቆም ካልሰማሽ አታውቂውም።

መምህርት ዘደብረ ብርሃን፦

ሠርቼዋለሁ። ባትሪዎቹን እንደተባልኩት ሳስቀምጥ አንደኛው ወርዶ ስለተገኘ ጣልኩት፤ በምትኩ ከኮምፒውተር ጥገና ቤት ሌላ አገኘሁ። በተቃዋሚዎቹ ቮልቱ ያለ ጭነት 5.03፣ 48 ቮልቱ በርቶ ኢንተርፌሱ ጋ 4.94 ነው። ስልኩ አያቋርጥም። ፉጨት ነበረው፤ ቦርዱን ሳዞረው አልተቀየረም፣ ኮይሉን ስጨምር ጠፋ። አሁን ኢንተርፌሱ ጋ 4.91 አነባለሁ።

የማብራት ቅደም ተከተል ይኖረው ይሆን? ስልኩን መጀመሪያ ነው የምሰካው ወይስ ኮንቨርተሩን ነው የማበራው?

ሬዲዮ ጠጋኙ (ደሴ)፦

4.91 ጥሩ ነው፣ እሱን አትነካኪው። ኮንቨርተሩን መጀመሪያ አብሪ፣ የኢንተርፌሱ መብራት ሲረጋጋ ስልኩን ሰኪ፣ መቅጃውን ክፈቺ፣ 48 ቮልቱን መጨረሻ ላይ ተጫኚ። ስታጠፊ ደግሞ 48ቱን አስቀድመሽ አጥፊና ጥቂት ጠብቂ፤ ማይኩ ውስጥ የቀረው ኃይል ይውጣ። አንዳንድ ስልክ ኦቲጂን በሴቲንግ አብሩልኝ ይላል፣ 10 ደቂቃ ካልተሠራበትም ይዘጋዋል፤ አባባ አረፍ ሲሉ ይህን ተመልከቺ። መለዋወጫ ፊውዝ ያዢ። የመንዝ ሌሊት ብርድ ባትሪውን ስለሚያደክመው እስክትጀምሪ ድረስ ጋቢሽ ውስጥ ይቆይ።